ስልኩ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ጮኸ

የአንባቢ ደብዳቤ (አሳጥረነዋል)

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 27 ነው። ሀዋሳ ውስጥ አንድ የግል ፋርማሲ በፋርማሲስትነት ስሠራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም መዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። የስኳር ታማሚ ናት፣ ኢንሱሊን የምወጋት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላለ አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ተወዳድሬ ነበር። ደመወዜ አሁን 14,000 ብር ነው፣ እዚያ 26,000 ይሆናል። ውጤቱን ስጠብቅ ሦስት ቀን ጾሜ ‹ፈቃድህ ከሆነ ዓርብ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ይደውሉልኝ› ብዬ ጌታን ምልክት ለመንኩት። የተደወለው ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ማለፌን ነግረው መልስ እንድሰጥ 12 ቀን ሰጡኝ። መጽሐፍ ቅዱሴን ዝም ብዬ ስገልጥ ‹ከአገርህ ከዘመዶችህም ተለይተህ› የሚለው ወጣልኝ። እሁድ ደግሞ አንድ እንግዳ ነቢይ ‹እግርሽን ከዚህ ስፍራ አታንሺ› አለኝ። በዚህ ላይ እዚሁ ሀዋሳ ያለ የኅብረታችን ወንድም ‹ሚስቴ እንደሆንሽ ጌታ ተናግሮኛል› ብሎኛል። ለእናቴ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። ሰላም የለኝም። የቱ ነው የጌታ ድምፅ? መርጬ ከፈቃዱ ብወጣስ?»

ግራ የገባት፣ ከሀዋሳ

መልስ

እህታችን፣

ዘጠኝ ቀን ስለቀረሽ ይህን መልስ አስቀድመን በግል ልከንልሻል። እዚህ ያወጣነው ያንቺኑ የመሰለ ጥያቄ የሚልኩልን ብዙ ስለሆኑ ነው።

ደብዳቤሽን ስናነብ ዓይናችን ያረፈው አርባዋ ደቂቃ ላይ ነው። የድርጅቱ የሰው ሀብት ሠራተኛ ከአንቺ በፊት የደወለችለት ሰው ወሬ ባያረዝምባት ኖሮ ከስድስት ሰዓት በፊት ትደርስሽ ነበር፤ አንቺም ዛሬ ሻንጣ እየሸከፍሽ ነበር። የሕይወትሽን አቅጣጫ ለማታውቂው ሰው የስልክ ወሬ አሳልፈሽ ሰጥተሽ ነበር ማለት ነው። ይህን የምንለው ልናሾፍብሽ አይደለም። ምልክት ያስለመነሽ ጌታን የማስደሰት ጉጉት ነው፤ እሱን አጥብቀሽ ያዢው። መስተካከል ያለበት «ፈቃድ» የሚለውን ቃል የተረዳሽበት መንገድ ነው።

በእኛ አገር ፈቃድ ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ወረቀት ነው። የንግድ ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ፤ አንቺም የሙያ ፈቃድ አለሽ፣ ሳታሳድሺው መድኃኒት ማደል አትችይም። ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ይሰጥሻል ወይም «ነገ ተመለሺ» ይልሻል። ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን ፈቃድ የምንጠይቀው እንደዚያ ነው፤ ሥራ ለመቀየር አንድ ወረቀት፣ ለማግባት አንድ ወረቀት። ወረቀቱ ካልወጣ አንንቀሳቀስም፣ ሳይወጣ ከተንቀሳቀስን ደግሞ ቅጣቱን እንጠብቃለን። ነገር ግን ይኸው የአማርኛ ቃል ሌላም ፊት አለው። «የልቧን ፈቃድ አደረሰላት» ስንል ስለ ወረቀት አናወራም፤ ስለምትወደውና ስለምትፈልገው ነገር ነው። የአዲስ ኪዳኑ የግሪክ ቃል ቴሌማም የሚያዘነብለው ወደዚህኛው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ፈቀደልኝ ወይስ ከለከለኝ?» ከመሆኑ በፊት «እሱ ምን ይወዳል?» ነው። የሚወደውን ደግሞ አብዛኛውን ተናግሮታል።

በእነዚህ ቀናት መጽሐፍ ቅዱስን እየገለጥሽ ዕጣ አትጣዪ። መጽሐፍ የሚገለጠው ጥራዙ በለመደበት በኩል ነው፤ ብዙ የተነበበ ገጽ ቶሎ ይከፈታል፣ መሐሉን ብትይዢ ደግሞ መዝሙረ ዳዊት አካባቢ ትወድቂያለሽ። የወጣልሽ ጥቅስ ለአብራም የተነገረ ነው፤ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብትዪ ያው አብራም ረሀብ ሲመጣ ወደ ግብፅ ወርዶ ስለ ሚስቱ ሲዋሽ ታገኚዋለሽ። ያኛው ገጽ ቢገለጥልሽ ምን ልታደርጊ ነበር? ይልቅ አንድ ሙሉ መልእክት አንብቢ፤ የምንመርጥልሽ አንደኛ ተሰሎንቄን ነው። አምስት ምዕራፍ፣ 89 ቁጥር ነው፤ ድምፅ አውጥተሽ ብታነቢው ከሃያ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። በየቀኑ አንዴ አንብቢው።

ይህን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ» የሚለው ሐረግ እዚያ ውስጥ ሁለት ጊዜ በግልጽ ተቀምጧል። በ4፥3 ፈቃዱ መቀደሳችን፣ ከዝሙትም መራቃችን እንደሆነ ይናገራል፤ በ5፥18 ደግሞ በሁሉ ማመስገናችን። ሀዋሳም ሆንሽ አዲስ አበባ ይህ አይቀየርም፤ ምልክትም አያስፈልገውም። ወደ 2፥18 ስትመጪ ጳውሎስ አንድና ሁለት ጊዜ ሊሄድላቸው ፈልጎ ሰይጣን እንዳዘገየው ይናገራል። የተዘጋ በር ሁሉ እግዚአብሔር የዘጋው ነው የሚለውን ልማዳችንን ይህ ብቻውን ያናጋዋል። 3፥1 ላይ ደግሞ ጢሞቴዎስን ልኮ ራሱ አቴና ስለ መቅረቱ ሲያወራ ድምፅ ሰማሁ አይልም፤ አመዛዝኖ የተሻለ የመሰለውን መረጠ። ያ ሐዋርያ ነው፤ ሕልምም ራእይም የሚያውቅ ሰው። ቢሆንም የአብዛኛው ቀን ውሳኔው እንደ ማንኛችንም በማሰብ የተወሰነ ነበር።

አሁን ወደ ምልክቱ እንመለስ። «ጌዴዎን አድርጎት የለ?» የሚል ሰው አጠገብሽ መኖሩ አይቀርም። መሳፍንት 6ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ጌዴዎን የተባዘተውን የበግ ጠጉር አውድማ ላይ ከማኖሩ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት ፊት ለፊት ተነግሮታል፤ ራሱም «እንደ ተናገርህ» እያለ ነው የሚለምነው። ጠጉሩ ፈቃዱን የሚያውቅበት መሣሪያ አልነበረም፣ የፈራ ሰው የሰማውን ለመቀበል ያደረገው ነገር ነው። ሁለተኛውን ሲለምን «አትቆጣ» ማለቱም ልክ እንዳልሆነ ጠርጥሮ ይመስላል። እግዚአብሔር ታገሠው፤ ዘዴውን ግን ለማንም አላስተማረውም።

መምሰል ካለብሽ ዘፍጥረት 24 ላይ ያለውን የአብርሃምን ሎሌ ምሰዪ። የለመነው ምልክት «ቀይ ነጠላ የለበሰች ትምጣ» ዓይነት አይደለም። ለእሱ ውኃ ስትሰጠው ለግመሎቹም ልቅዳ የምትል ልጅ ነው የለመነው። አሥር ግመሎች ነበሩት፤ አንድ የተጠማ ግመል ደግሞ በአንድ ቁም መቶ ሊትር ገደማ ሊጠጣ ይችላል። በእንስራ እየተመላለሰች አሥሩን ካጠጣች ያ ምልክት ትጉህነቷን፣ ቸርነቷንና ጉልበቷን አሳየው ማለት ነው። ምልክቱ ራሱ ለጥያቄው የሚጠቅም መረጃ ነበር። የአንቺ ስድስት ሰዓት ግን ስለ ሥራው ምንም አይነግርሽም። «የአሁኑን ሥራዬን በወጉ ለመልቀቅ ሠላሳ ቀን ብጠይቃቸው በደግ ይመልሱልኝ ይሆን?» ብለሽ ብትጠብቂ ኖሮ ለሎሌው ምልክት ትቀርቢ ነበር፤ ቀጣሪሽ ሠራተኛውን እንዴት እንደሚይዝ ታይበት ነበርና። ወደዚህ እንመለሳለን።

«ሰላም የለኝም» ያልሽውም መመዘን አለበት። ሦስት ቀን ጾመሽ፣ ከእናትሽ ምስጢር ደብቀሽ፣ የጋብቻ ጥያቄ ተጨምሮብሽ ሰላም ቢኖርሽ ነው የሚገርመን። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቆላስይስ 3፥15 «የክርስቶስ ሰላም በልባችሁ ይግዛ» ሲል ከፊትና ከኋላው ስለ ይቅርታና በአንድ አካል ስለ መኖር ነው የሚያወራው፤ ሥራ ስለ መምረጥ አይደለም። ዮናስን እዪው፦ ኢዮጴ ሲወርድ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ ተዘጋጅታ አገኘ፣ ዋጋዋን የሚከፍልበት ገንዘብ ነበረው፣ ገብቶም ከባድ እንቅልፍ ተኛ። የተከፈተ በር፣ የሞላ ኪስ፣ የተረጋጋ ልብ፤ ሦስቱም ተሟልተውለት የሚሸሸው ከእግዚአብሔር ነበር። ጌታችን በጌቴሴማኒ በፈቃዱ መካከል ሆኖ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪሆን ተጨነቀ። ስሜትሽን አትናቂው፣ ግን «ምን አስጨነቀኝ?» ብለሽ ጠይቂው። ምናልባት መልሱ «እናቴን አለመንገሬ» ይሆናል፤ ለእሱ ደግሞ መፍትሔው ጾም ሳይሆን ወሬ መጀመር ነው።

ነቢዩን በተመለከተ ያው አንደኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21 ሁለቱንም ይዟል፤ ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ። አንዱን ብቻ የያዘ ይሳሳታል። የምትፈትኚው ሰውዬውን ለማዋረድ አይደለም። መጀመሪያ የተባለውን ቃል በቃል ጻፊው። አንቺ የጻፍሽልን «ከዚህ ስፍራ» ነው እንጂ «ከዚህ ከተማ» አይደለም። «ስፍራ» አገልግሎትሽ ሊሆን ይችላል፣ ጸሎትሽ ሊሆን ይችላል፣ ሀዋሳም ሊሆን ይችላል፤ ከተማ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ሐሳብሽ እዚያ ስለነበረ። ከዚያ የሚቀጥሉትን ጠይቂ። ሰውዬው አስቀድሞ ስለ አንቺ የሚያውቀው ነገር ነበር? በመግቢያው ላይ የጸሎት ርዕስ ብለሽ የሞላሽው ወረቀት አለ? ከቃሉ ጋር ገንዘብ ተጠይቋል? ነገሩ ባይሆን ጠርቶ የሚጠይቀው ሽማግሌ አለ ወይስ በማግስቱ ሌላ ከተማ ነው? አንደኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት ሲናገሩ ሌሎች ይመዝኑ ይላል፤ እሁድ ማን መዘነው?

ከሐዋርያት ሥራ 21 ደግሞ አንድ ጥሩ ልዩነት እንማራለን። አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ እጁንና እግሩን አስሮ ኢየሩሳሌም የሚጠብቀውን አሳየ። ትንቢቱ እስራትን ተናገረ እንጂ «አትሂድ» አላለም፤ «አትሂድ»ን የጨመሩት የሰሙት ወዳጆቹ ናቸው። ጳውሎስ ትንቢቱን ተቀብሎ መደምደሚያውን አልተቀበለም፤ ሄደ። እነሱም በመጨረሻ «የጌታ ፈቃድ ይሁን» ብለው ዝም አሉ። ስለዚህ የእሁዱን ቃል አንድ ገጽ ላይ አኑሪው፤ ከሌላው ሁሉ ጋር ይመዘናል፣ ብቻውን ግን ፈራጅ አይሆንም።

የወንድሙ ጉዳይ ከሥራው ተለይቶ ይታይ። ሁለቱን አንድ ላይ ካሰርሻቸው «እሱን እምቢ ለማለት አዲስ አበባ ሄድኩ» ወይም «ለእሱ ስል ቀረሁ» የሚል ቂም ይዘሽ ትኖሪያለሽ። «ጌታ ተናግሮኛል» የሚለው አነጋገር ክፋቱ መልስ መዝጋቱ ነው፤ እምቢ ብትይ እምቢ ያልሽው እሱን ሳይሆን እግዚአብሔርን ይመስላል። ለሎሌው ግመሎች ውኃ የቀዳችውን የርብቃን ታሪክ ጨርሰሽ አንብቢ። ያ ሁሉ ምልክት ከደረሰ፣ ቤተሰቡም «ነገሩ ከእግዚአብሔር ወጥቶአል» ካለ በኋላ እንኳ ልጅቱን ጠርተው ከአፏ ጠየቋት (ዘፍጥረት 24፥57 እና 58)። ጳውሎስም ባሏ ስለ ሞተባት ሴት ሲጽፍ በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነጻነት አላት ይላል (1ቆሮ 7፥39)። «የወደደችውን» ነው ያለው። ለወንድም እንዲህ ብትይው ይበቃል፦ «የሰማኸውን አልከራከርም። እኔን ግን እንደ ሰው ጠይቀኝ፤ አስቤ የራሴን መልስ እሰጥሃለሁ። የሥራዬን ጉዳይ ሳልጨርስ ግን አልመልስልህም።» የእውነት ሰው ከሆነ ይጠብቅሻል፣ ወጉም ሽማግሌ መላክን ያውቃል። «እምቢ ካልሽ ከፈቃዱ ትወጫለሽ» ብሎ የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን የጋብቻ ጥያቄ አላቀረበልሽም፤ ለሽማግሌዎች ንገሪ።

እንግዲህ ዘጠኙ ቀን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ብዪና ተኚ። አንደኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልያስ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር መጀመሪያ የሰጠው እንጎቻና ውኃ ነው፤ ተኛ፣ ተነሥቶ በላ፣ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ በላ። ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጾም ከአሁን በኋላ አይጨመር። ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ መልእክቱን አንብቢ፣ ሃያ ደቂቃ ጸልዪ። ጸሎትሽም ከ«አሳየኝ» ወደ «ጥበብ ስጠኝ» ይዙር፤ ያዕቆብ 1፥5 ሳይነቅፍ ይሰጣል ያለው ጥበብን ነው። ነህምያ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ገደማ ጸልዮአል። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው ግን የቆየበት ጸሎት ዝርዝር ሆኖ ወጣ፦ የሚመለስበት ጊዜ፣ ለገዢዎች የሚሰጥ ደብዳቤ፣ ለበሮቹና ለቅጥሩ የሚሆን እንጨት። ጸሎትና ስሌት እንደ ጠላት የሚተያዩት እኛ ዘንድ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለእናትሽ ንገሪያት። ከመጋቢው በፊት፣ ከጓደኞችሽ በፊት። «እንዳትጨነቅ ብዬ» ትዪናለሽ፤ እናት ግን የቤቱ አየር ሲቀየር ታውቃለች። ስትነግሪያት ወስነሽ ሳይሆን ለመጠየቅ ሁኚ።

አራተኛው ቀን የደብተርና የካልኩሌተር ነው። ግንብ ሊሠራ የወደደ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቈጥራል ያለው ጌታ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። 12,000 ብር ጭማሪ ብለሽ ጽፈሽልናል። ሙሉው ዋና ደመወዝ ከሆነ ከ14,000 በላይ ባለው እያንዳንዱ ብር 35 በመቶ የሥራ ግብር፣ 7 በመቶ ደግሞ ጡረታ ይቆረጣል። ከጭማሪው 4,200 ለግብር፣ 840 ለጡረታ ይሄዳል፤ እጅሽ የሚገባው 6,960 ብር ነው። አሁን የቤት ኪራይ አትከፍዪም። ያቺ 6,960 የአዲስ አበባን ኪራይ፣ የየቀኑን ታክሲ፣ ብቻሽን የምትበዪውን ምግብ፣ በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሀዋሳ መመላለሻን ትሸፍናለች ወይ? እዚያ ከሚሠራ የሙያ ጓደኛሽ የዚህን ወር ዋጋ ጠይቂ እንጂ በግምት አትጻፊ። ካልበቃች ሥራው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የተሻለ ልምድ ፈልገሽ ሊሆን ይችላል። «በገንዘብ በረከት ተከፈተልኝ» የሚለውን ግን ከደብተሩ ትሰርዢዋለሽ።

በዚያው ገጽ ጀርባ የእናትሽን ነገር አስፍሪ። ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ግን ጻፊው። ማን ይወጋታል? ራሷ መውጋት ትችላለች? ዓይኗ የመርፌውን መስመሮች ያያል? መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተው ኢንሱሊን የሚያርፍበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሆነ ቦታ ጎረቤት አለ? የተከፈተው ብልቃጥ ላይ ቀኑን ማን ይጽፋል? ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ላብ ቢያጠምቃትና ብትንቀጠቀጥ አፏ ላይ ስኳር የሚያኖር ሰው አብሯት ያድራል? የሦስት ወር ክትትሏ ላይ ማን ይወስዳታል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሰው ስም ይቀመጥ፤ «ጌታ ያውቃል» በዚህ ገጽ ላይ መልስ አይሆንም። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ ለወላጆቻቸው የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ የሚከለክሉትን ገሥጿል። ልጅ ከቤት መውጣቷ ኃጢአት አይደለም፤ መርፌውን ማን እንደሚይዝ ሳይታወቅ መውጣቷ ግን «ጌታ ልኮኝ ነው» በሚል ቃል አይሸፈንም። በሌላ በኩል ደግሞ እናትሽን የፍርሃትሽ መሸሸጊያ እንዳታደርጊያት ተጠንቀቂ። ስሞቹ ከተሞሉና እሷም «ሂጂ» ካለች እሷን ሰበብ አድርጎ መቅረትም ሐቅ አይሆንም።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን የምክር ነው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አሥር ሰው ከጠየቅሽ የምትፈልጊውን መልስ እስክታገኚ እየዞርሽ ነው። አንዱ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያውቅሽ፣ በመሄድሽም በመቅረትሽም የማይጠቀምና የማይጎዳ ሽማግሌ ወይም እናት ይሁን። የመዘምራኑ ኃላፊ እንኳ ድምፅሽን ማጣት ስለማይፈልግ ለዚህ አይመረጥም። ሌላው አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሠራ ፋርማሲስት። የኦርቶዶክስ አንባቢዎቻችን በሽማግሌው ቦታ የንስሐ አባታቸውን ያስቡ። ስትሄጂ «ምን ላድርግ?» አትበዪ፤ ደብተሩን ስጪና «ያላየሁት ምን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ጥያቄ ውሳኔውን ያሸክማቸዋል፣ ሁለተኛው ዓይናቸውን ያበድርሻል።

ሌላ ማወቅ ያለብሽ የሕግ ነገር አለ፤ እንዲያውም ከዘጠኙ ቀን መጀመሪያ መደረግ ያለበት እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በራሷ ፈቃድ ሥራ ስትለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች። አንቺ ሦስት ዓመት ሠርተሻል። በ12 ቀን መልስ ሰጥተሽ በሳምንቱ ከጀመርሽ የአሁኑን ቀጣሪሽን ፋርማሲስት አልባ አድርገሽ ነው የምትሄጂው። አዲሱ ድርጅት ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊይዝልሽ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አትስማማም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ስለዚህ ብትሄጂም የሀዋሳውን ቤት አታፍርሺ፣ እናትሽንም ያለ ዝግጅት ይዘሽ አትነሺ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ዘመድ ቤት ወይም ከጓደኛ ጋር ተጋርተሽ እዪው።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን ምንም አዲስ ነገር አትጨምሪ፤ ሥራሽን ሥሪ፣ ተለማመጂ፣ ዘምሪ። በዘጠነኛው ጠዋት ወስኚ። ሁለቱም መንገድ ከኃጢአት የጸዳ፣ የእናትሽ ገጽም የተሞላ ሆኖ አሁንም ሚዛኑ እኩል ከሆነብሽ፣ የወደድሽውን ምረጪ። ይህ አንዳንድ ሰው ይደነግጥበታል። ለመንፈስ ቅዱስና ለእኛ ፈቅደናል ብለው የጻፉት የሐዋርያት ሥራ 15 ሰዎች ግን ከብዙ ክርክር በኋላ ነው እዚያ የደረሱት፤ የራሳቸው ማመዛዘንና የመንፈሱ ሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጠዋል። ስትናገሪም ያዕቆብ 4፥15 እንዳለው «ጌታ ቢፈቅድ» ብለሽ ተናገሪ፤ «ጌታ ነግሮኛል» አትበዪ፣ አልነገረሽምና።

«ብሳሳትስ?» ላልሽው፦ ጳውሎስ በራእይ የመቄዶንያን ሰው አይቶ፣ በፈቃዱ መካከል ሆኖ ፊልጵስዩስ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በበትር ተደብድቦ እግሩ በግንድ ተጠርቆ እስር ቤት አደረ። ከዚያ ተነሥቶ «ራእዩን ተሳስቼ ነበር የተረዳሁት» አላለም። አዲስ አበባ አለቃሽ ክፉ ቢሆን፣ ወይም ቀርተሽ ፋርማሲው ቢዘጋ፣ ያ የመረጥሽው መንገድ ስህተት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ገልጠሽ «ባወቅሁት ልክ በቅንነት መዘንኩ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂ። ማስተካከል ካስፈለገ ከሀዋሳ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ይመለሳልም።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ሲከፈት፣ ለድርጅቱ አንቺ ደውዪ። የሥራ ውሉን ረቂቅ አስቀድመው እንዲልኩልሽ፣ የሙከራ ጊዜው ስንት እንደሆነ፣ ደመወዙ ሙሉ በሙሉ ዋና ደመወዝ ይሁን ወይም አበል ይኑርበት ጠይቂ፤ «ብስማማ ለአሁኑ ቀጣሪዬ 30 ቀን መስጠት አለብኝ፣ ትጠብቁኛላችሁ?» በዪ። የሚሉሽን በዚያው ሰዓት ቃል በቃል ጻፊው።